ከመቁረጥ በፊት መለካት፤ ስለ መኪና ዋየሪንግ ቅየራ ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ የሙያ ባልደረባዬ የአሮጌ መኪናን የኤሌክትሪክ መስመር እንዴት መቀየር እንደሚገባ የሚያስረዳ ጽሑፍ በስልኩ አሳየኝ። ጸሐፊው ሰባት ምክሮችን ይሰጣሉ። ያረጀ ዋየሪንግ ችግር ካመጣ መጠገኑን ትቶ በሙሉ ነቅሎ በአዲስ መተካት፤ ለዚህም በየሱቁ የሚገኘው የቤት ሽቦ በቂ ነው፤ ፊውዝ እየደጋገመ ከተቃጠለ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ማስገባት፤ ማሳን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪ የሚመለስበትን መስመር፣ በቅርብ በተገኘ ብሎን ላይ ማሰር፤ መገጣጠሚያዎችን ሁሉ በካውያ መበየድ፤ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ መሥራቱን ለማወቅ ሞተሩ እንደ ተነሣ የባትሪውን ተርሚናል መንቀል፤ በመጨረሻም የመስመሩ ሥዕልና የሽቦ ቀለም የፋብሪካ ወግ ስለሆነ በጋራዥ ሥራ ጊዜ አለማባከን። ጽሑፉ በቀላል ቋንቋ የተጻፈና ብዙ ሰው የተቀባበለው ስለሆነ፣ በጅማ ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ በዚሁ ሥራ የቆየሁ እንደ መሆኔ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ጸሐፊውን የማሳጣት ሐሳብ የለኝም፤ ከሰባቱ ምክሮች ቢያንስ ሦስቱን እኔም በጀማሪነቴ ተከትያቸዋለሁ።

የተነሡበትን ችግርም በሚገባ እረዳለሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ሰቀለው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ከዚህ የተነሣ በከተማችን ዕድሜው ከሾፌሩ ዕድሜ የሚበልጥ ኮሮላ ማየት ብርቅ አይደለም፤ ባለንብረቱም አሮጌውን እንደ ምንም ጠግኖ ከማቆየት ሌላ ምርጫ የለውም። የአካባቢያችን አየር ደግሞ ለሽቦ የሚመች አይደለም። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ እምብዛም ስለማይለየን፣ እርጥበት በተርሚናሎች በኩል ወደ መዳቡ እየሰረገ አረንጓዴ ያደርገዋል፣ ቆይቶም ያጠቁረዋል። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን። የምንለያየው እሳቸው ሥራውን ሽቦ ገዝቶ የመተካት ጉዳይ አድርገው ሲያዩት ነው። እኔ የመለካት ጉዳይ ነው እላለሁ፤ አምፖል በራ ማለት መስመሩ ደኅና ነው ማለት አይደለምና።

የመጀመሪያውን ምክር በአንድ ገጠመኝ ልመልስ። ባለፈው ዓመት የቡና ወቅት ካለቀ በኋላ ከሊሙ በኩል ጆንያ የሚያመላልስ አንድ ሃይሉክስ መጣልኝ። ፍሬን ሲረገጥ የኋላ ፍሬቻው ደብዘዝ ብሎ አብሮ ይበራል፤ ፍሬቻ ሲበራ ደግሞ የኋላ መብራቱ በሙሉ ይርገበገባል። ሾፌሩ ገና ሳይወርድ፣ «ጋሼ፣ ዋየሪንጉ በሙሉ ካልተቀየረ አይድንም ተብያለሁ፤ ስንት ቀን ይፈጅብዎታል?» አለኝ። የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በኋላ መብራቱ ማሳ ላይ አድርጌ ፍሬን እንዲረግጥ ነገርኩት፤ 2.8 ቮልት አነበብኩ። ጤነኛ ማሳ ላይ ይህ ቁጥር ከ0.1 ቮልት ብዙም ማለፍ የለበትም። ኤሌክትሪኩ በራሱ መንገድ ወደ ባትሪ መመለስ ስላቃተው በፍሬቻው አምፖል በኩል ዞሮ መመለሻ እየፈለገ ነበር። ብሎኑን ፈታሁት፤ ከሥሩ የቀይ አፈርና የዝገት ቅርፊት ወደቀ። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈትጌ፣ አዲስ ተርሚናል አስሬ፣ በላዩ ግሪስ ቀብቼ ስለካው 0.04 ቮልት ሆነ። ሥራው ሻይ ተፈልቶ እስኪጠጣ ድረስ አልፈጀም። በጸሐፊው ምክር ቢሄድ ኖሮ ግን ያ መኪና ሳምንት ቆሞ፣ ጤነኛው ሽቦ ሁሉ ተጥሎ፣ አዲሱ ዋየሪንግ ተመልሶ በዚያው የዛገ ብሎን ላይ ይታሰር ነበር።

ይህን ስል ሙሉ ቅየራ ፈጽሞ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። እሳት የነካው፣ ጎርፍ የዋጠው፣ ወይም በቡና መጋዘን አጠገብ እያደረ አይጥ ከዳሽቦርዱ ጀርባ እስከ ሞተሩ ድረስ የበላው ዋየሪንግ ቢጠጋገንም መልሶ ያስቸግራል። የሽቦው ሽፋን በእጅ ሲያጥፉት እንደ ደረቅ ቅጠል የሚሰባበር ከሆነም መቀየር አለበት። ለዚህ ውሳኔ የሚያበቃው ግን የተለካ ነገር እንጂ የመኪናው የምርት ዘመን ሊሆን አይገባም።

በጽሑፉ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ሁለተኛው ምክር ነው። ጸሐፊው፣ «220 ቮልት የሚችል ሽቦ 12 ቮልት እንዴት ያቅተዋል?» ሲሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ለጆሮ ይጥማል፤ ብዙ ባለንብረትም ሲከራከረኝ የሚያነሣው ይህንኑ ነው። ሽቦን የሚያግለው ግን በውስጡ የሚያልፈው አምፒር ነው፤ ቮልት የሚፈትነው የሽፋኑን ጥንካሬ ብቻ ነው። 100 ዋት የሚፈጅ አምፖል በቤት 220 ቮልት ሲሠራ ግማሽ አምፒር እንኳ አይወስድም፤ ያው 100 ዋት በመኪና 12 ቮልት ሲሠራ ከ8 አምፒር በላይ ይፈልጋል። ለተመሳሳይ ጉልበት የመኪናው ሽቦ የቤቱን ሽቦ ከአሥራ ስምንት ጊዜ በላይ የሚበልጥ አምፒር ይሸከማል ማለት ነው። ስለዚህ በቤት ውስጥ ለአምፖል የበቃ ሽቦ በመኪና ላይ ለዚያው አምፖል ይበቃል ብሎ መደምደም አይቻልም።

መጠኑ ቢስተካከል እንኳ ሁለት ችግሮች ይቀራሉ። በግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው የቤት ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወፍራም ክር ብቻ ያለው ነው። ግድግዳ አይንቀጠቀጥም፤ ወደ ዴዶ ወይም ወደ ሊሙ የሚወጣ መኪና ግን ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል። ነጠላው ክር በታሰረበት አንገት ላይ እየታጠፈ እየተቃና ቆይቶ ከሽፋኑ ውስጥ ይሰበራል፤ ከውጭ ሲያዩት ደኅና ይመስላል፤ መኪናው ጉድጓድ ሲመታ መብራቱ ይጠፋል፣ ሲወጣ ይበራል። የመኪና ሽቦ በብዙ ቀጫጭን ክሮች የሚሠራው ለዚሁ ነው። ጸሐፊው ብዙ ክር ያለው ለስላሳ የቤት ሽቦም አለ ሊሉኝ ይችላሉ፤ እውነት ነው፣ ከነጠላው ይሻላልም። ነገር ግን የተለመደው የቤት ሽቦ ሽፋን የተሠራው 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲችል ሲሆን፣ ለመኪና የሚሠራው እንደ ዓይነቱ 80፣ 105 ወይም ከዚያ በላይ ይችላል፤ ዘይትና ነዳጅ ሲነካውም ቶሎ አይበላም። በሞተር አጠገብ የሚያልፍ መስመር ላይ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በነገራችን ላይ ሽቦ የሚገዛ ሰው ጫፉን በምላጭ ይቧጭረው። ከቀዩ ሥር ነጭ ብረት ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ እንዲህ ያለው ሽቦ በእኩል ውፍረት ካለው መዳብ እጅግ ያነሰ ያስተላልፋል፣ በእኛ ዝናብም ቶሎ ይበላል። ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ከመጣ አሮጌ ዋየሪንግ ላይ ጤነኛውን ሽቦ ለክቶ መጠቀም ከእንዲህ ያለው አዲስ ሽቦ በብዙ ይሻላል።

ሽቦ መቅጠኑ የሚያስከትለው ነገር መቃጠል ብቻ አለመሆኑንም ጽሑፉ ዘንግቶታል። ሁለት ባለ 60 ዋት የፊት አምፖሎች በአንድነት 10 አምፒር ይወስዳሉ። ይህ ሁሉ 0.85 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ ሽቦ ከባትሪው ተነሥቶ በመሪው ሥር ባለው ስዊች ዞሮ እስከ አምፖሉ 5 ሜትር ቢጓዝ፣ በመንገድ ላይ 1 ቮልት ገደማ ይጠፋል። አንድ ቮልት ትንሽ ይመስላል፤ የአምፖል ብርሃን ግን ከቮልቱ ይልቅ በፍጥነት ስለሚወርድ፣ ከ12 ቮልት ወደ 11 ሲወርድ የብርሃኑ ሩብ ያህል ይጠፋል። ሾፌሩ «መብራቴ ደከመ» ብሎ 100 ዋት አምፖል ይገዛል፤ አምፒሩ ይጨምራል፤ ስዊቹ መቅለጥ ይጀምራል። መድኃኒቱ ሪሌ ነው፤ ይህም በትንሽ አምፒር ታዝዞ ትልቁን አምፒር የሚያበራና የሚያጠፋ መቀያየሪያ ነው። በሪሌው 30 ቁጥር ላይ ከባትሪ በፊውዝ የመጣ ወፍራም ሽቦ ይገባል፣ ከ87 ወደ አምፖል ይሄዳል፤ 85 እና 86 ላይ ከስዊቹ የሚመጣው ትእዛዝና ማሳ ይታሰራሉ። ስዊቹ ከዚያ በኋላ የሚሸከመው ከሩብ አምፒር ያነሰ ነው። በ2.5 ካሬ ሽቦ 2 ሜትር ብቻ ሲጓዝ የሚጠፋው ቮልት ወደ 0.14 ይወርዳል። ያው አሮጌ አምፖል አዲስ የመሰለው ባለ መኪና ስንት ጊዜ ተገርሞ እንደ ጠየቀኝ አልቆጥረውም።

ስለ ፊውዝ የተሰጠው ምክር አደገኛ ነው፤ ይህን ቃል ያለ ማለሳለስ እጽፈዋለሁ። ፊውዝ የሚጠብቀው ራዲዮውን ወይም አምፖሉን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ስለዚህ የፊውዝ መጠን የሚወሰነው በመስመሩ ውስጥ ባለው በጣም ቀጭን ሽቦ ነው። እኔ በ0.5 ካሬ ላይ ከ5 ወይም ከ7.5 አምፒር፣ በ0.85 ላይ ከ10፣ በ1.25 ላይ ከ15፣ በ2 ካሬ ላይ ከ20 አላሳልፍም። የጃፓን መኪኖች ሽቦ በእነዚህ መጠኖች ስለሚሠራ ቁጥሮቹን በቃል መያዝ አይከብድም። ቀለማቸውም ያግዛል፦ ቀዩ 10፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20፣ አረንጓዴው 30 ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ኮሮላ ተጎትታ መጣች። ባለቤቷ ቀዩ የኋላ መብራት ፊውዝ በየሁለት ቀኑ እየተቃጠለ ስላስቸገራቸው አንድ ጋራዥ ወስደዋት ኖሮ፣ እዚያ አረንጓዴ ፊውዝ ተሰጥቷቸው ችግሩ «ተፈታ»። ለአሥር ቀን ያህል ማለት ነው። የዳሽቦርዱን የታች ሽፋን ስፈታው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ፊቴን መታኝ። የኋላ መብራቱ ሽቦ ሽፋኑ ቀልጦ አጠገቡ ካሉት አራት ሽቦዎች ጋር እንደ ሰም ተጣብቋል፤ መዳቡ ራቁቱን ቀርቷል። አረንጓዴው ፊውዝ ግን ምንም አልሆነም፤ እንደ አዲስ ያብለጨልጫል! የችግሩ ምንጭ በኋላው ኮፈን ማጠፊያ ላይ ተቆንጥጦ ብረት የሚነካ ሽቦ ነበር፤ ቁስሉ ከአንድ ጣት አይበልጥም። ቀዩ ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር ይህንኑ ሲናገር ነበር፤ የሰማው አልነበረም። የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት በፊውዝ ላይ የሚጠቀልሉትንማ ምን ልበላቸው።

ጽሑፉ ያላነሣውን አንድ ነገር ልጨምር። ከባትሪ በቀጥታ የሚወጣ ማንኛውም ተጨማሪ መስመር ፊውዙ ለባትሪው በጣም መቅረብ አለበት፤ እኔ ከአንድ ስንዝር አላርቀውም። በባጃጆቻችን ላይ የሙዚቃ ማጉያ ሲገጠም ፊውዙ ማጉያው ጋ ይሆንና፣ ከባትሪው እስከዚያ ድረስ ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውም። በመካከሉ የሻንሲው ጠርዝ ቆርጦት ብረት ቢነካ የሚያቆመው ነገር የለም። ሽቦ በብረት ቀዳዳ ሲያልፍም የጎማ ቀለበት ይግባለት።

ማሳን በተመለከተ አብዛኛውን ከላይ ብያለሁ። «ብረት ሁሉ ማሳ ነው» የሚለው አባባል በአዲስ መኪና እንኳ አይሠራም፤ ቀለም የተቀባ ብረት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና። የምጨምረው ሞተሩን ከሻንሲ ጋር ስለሚያገናኘው ወፍራም የማሳ ገመድ ነው። ሞተሩ በጎማ ላይ ስለሚቀመጥ ይህ ገመድ ተፈትቶ ሳይመለስ ከቀረ፣ ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ የሚፈልገው ከመቶ አምፒር በላይ የሆነ ኃይል በነዳጅ መስጫው ፔዳል ወይም በፍሪሲዮን ገመድ በኩል ለመመለስ ይሞክራል። የነዳጅ ገመዱ ሲያጨስ አይቼ ለሞተር ባለሙያ የላክሁት መኪና ነበር፤ ባለሙያው ያንን አንድ ገመድ አስሮ መለሰልኝ። አፍሬያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ከሁሉ በፊት የማየው እሱን ነው።

በመበየድ ጉዳይ ላይ ጸሐፊውን በከፊል እደግፋለሁ። ሽቦን ጠምዝዞ በፕላስተር ከመጠቅለል፣ ወይም ተርሚናልን በፒንሳ ጥርስ ከመጨፍለቅ ይልቅ በንጹሕ የተበየደ ይሻላል። ሆኖም የመበየጃው ሊድ ሲቀልጥ በክሮቹ መካከል እየተሳበ ወደ ሽፋኑ ሥር ስለሚገባ ያ ክፍል እንደ ነጠላ ክር ድርቅ ይላል፤ ሽቦውም ድርቀቱ በሚያበቃበት ቦታ ላይ ይሰበራል። ስለዚህ የሚንቀጠቀጥ መስመር ላይ በትክክለኛ መጭመቂያ የተጨመቀ፣ ውስጡ ሙጫ ያለው በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ የለበሰ መገጣጠሚያ እመርጣለሁ። መጭመቂያው የሌለው ሰው ይበይድ፤ ነገር ግን በሁለቱም በኩል ሽቦውን እንዳይወዛወዝ አጥብቆ ይሰር።

ተርሚናል ነቅሎ ዲናሞ የመፈተን ልማድ የመጣው ከጥንት ነው፤ ያን ጊዜ መኪኖች የነበራቸው እውነተኛ ዲናሞ ነበር። ዛሬ በልማድ ዲናሞ የምንለው አልተርኔተር ውስጡ ዳዮዶች (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ዕቃዎች) እና የቮልት መቆጣጠሪያ አሉት። ባትሪው እየሞላ ሳለ በድንገት ሲለይ፣ የሚያመነጨው ኃይል መሄጃ አጥቶ ቮልቱ ለቅጽበት ወደ 100 ሊጠጋ ይችላል። በዚያች ቅጽበት የሚቃጠለው የዲናሞው ዳዮድ፣ ሲከፋም የሞተሩ ኮምፒውተር ነው። በምትኩ መልቲሜትሩን በባትሪው ላይ ያድርጉ። ሞተሩ ሳይነሣ ሙሉ ባትሪ 12.6 ገደማ ያሳያል፤ ሲነሣ ከ13.8 እስከ 14.5 መካከል ከሆነ ዲናሞው ይሠራል። ባትሪ መፍታት ካስፈለገ ሞተሩ ጠፍቶ ኔጋቲቩ ይቀድማል፣ ሲታሰርም መጨረሻ የሚታሰረው እሱ ነው፤ ፖዘቲቩን ቀድመው ሲፈቱ ቁልፉ ሻንሲ ከነካ እሳት ነውና። ኤርባግ ባለበት መኪና ከፈቱ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ ሳይጠብቁ በመሪው አካባቢ አይሥሩ፤ የኤርባጉን ቢጫ ሶኬቶችም በአምፖል ቴስተር አይንኩ።

የቀረው የሥዕልና የቀለም ነገር ነው። ጸሐፊው «የሚሠራው ሰው ካወቀው ይበቃል» ይላሉ። አንድ ጥቅል ቀይ ሽቦ ተገዝቶ ከፊት እስከ ኋላ በቀይ የተሠራ ሚኒባስ በእጄ ገብቶ ያውቃል፤ የሠራው ልጅ ከተማውን ለቆ ሄዷል፤ አንዱን የፍሬቻ ሽቦ ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀሁ። ቶዮታ በሥዕሎቹ ላይ ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር ያለበትን ሽቦ ለማሳ ያደረገው፣ መኪናውን ሠርቶ ለማያውቀው ሰው እንዲነበብለት ነው። እኔ የፋብሪካውን ቀለም ማግኘት ባልችል በየሽቦው ሁለት ጫፍ ቁጥር አስራለሁ፤ ቁጥሩ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ፣ የሽቦውን ካሬና የፊውዙን መጠን በአንድ ወረቀት ጽፌ በላስቲክ ሸፍኜ ከፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ሥር እለጥፈዋለሁ። አይጥ በልቶት ሙሉውን የቀየርኩለት አንድ አይሱዙ ባለፈው ሚያዝያ ለሌላ ጉዳይ ከቦንጋ ተመልሶ ሲመጣ ክዳኑን ከፈትኩት። ከእኔ ጽሑፍ በታች የማላውቀው ሰው በቀይ እስክርቢቶ «14 ቁጥር ተቀይሯል፣ 2 ካሬ፣ 20 አምፒር» ብሎ ቀኑን ጽፎበታል።